የሰሜኑ ግድግዳ ሽቦ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 1993

ይህን ደብተር የከፈትሁበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱንም በመጀመሪያው ገጽ ላይ አሰፍረዋለሁ። የሰፈራችን ስልክ ጣቢያ ኃላፊ ትናንት አቤቱታዬን አንብቦ ሲያበቃ፣ «ስልክዎ የሚበላሽበትን ቀንና ሰዓት እየመዘገቡ ያምጡልኝ፤ ያለዚያ ምን ብዬ ነው ሰው የምልክልዎት?» አለኝ። ሠላሳ አራት ዓመት በአሌክሳንድሪያ ትምህርት ቤቶች የዐረብኛ ቋንቋ መምህር፣ በኋላም ተቆጣጣሪ ሆኜ አገልግያለሁ። ጽሑፍ ተጠይቄ ያፈገፈግሁበት ቀን የለም። ስለዚህ እመዘግባለሁ፤ ከስልኩ ጉዳይ በቀር ሌላ ነገር አልጽፍበትም።

መዝገብ፦ የክረምቱ የመጀመሪያዋ ማዕበል፣ መርከበኞች «መጥረጊያዋ» የሚሏት፣ ዛሬ በቀጠሮዋ ቀን ደረሰች። ዝናቡ ከባሕር እየተገፋ የሰሜኑን ግድግዳችንን ከጧት ጀምሮ ሲገርፈው ዋለ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የስልኩን እጀታ ሳነሣው ዓሣ በዘይት ሲጠበስ የሚሰማው ዓይነት ጩኸት ሰማሁ። በዘጠኝ ሰዓት ጩኸቱም ሞተ።

ይህን ቤት የተከራየነው በ1951 ነው። ጣሊያን የሠራው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳው የሚያምር ቤት ነበር። ዛሬ ግድግዳው ላቡን የሚያፈስ በሽተኛ ይመስላል። የኮሪደሩ ቀለም እንደ ቁስል ቅርፊት እየተነሣ ይረግፋል፤ ከሥሩ የሚወጣው የሻጋታ ሽታ ያጥወለውላል። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ይህ ስልክ!

ለመዝገቡ ምሉዕነት፦ በዚህ ቤት ያለው ስልክ አንድ ብቻ ነው፤ በኮሪደሩ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ጥቁሩ ነው። ሌላ ኖሮ አያውቅም።


ዓርብ፣ ኖቬምበር 19

ልጃችን ሱሄር ዘወትር ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ከሙስካት ትደውላለች። እዚያ የምታስተምር የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት ናት። የምታነጋግረው እናቷን ኢንሺራህን ነው። ሁለቱ ሴቶች የሚያወሩት የሴት ወሬ ስለሆነ እኔ አልገባበትም። በመጨረሻ «ለአባቴ ሰላም በይልኝ» ትላለች። ይህም ተገቢ አክብሮት ነው፤ ከዚህ በላይ አልጠብቅም።

ሱሄር ካገባች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። አሁን፣ በዚህ ዕድሜዋ፣ ነፍሰ ጡር ናት፤ የምትወልደው በጃንዋሪ መጨረሻ ነው። ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትነሣ አዝዟታል። ኢንሺራህ ጉልበቷ ስለማያራምዳት ወደ ሙስካት ልትሄድ አትችልም። ስለዚህ ያላቸው ይህ ሽቦ ብቻ ነው።

መዝገብ፦ በሰባተኛው ደቂቃ ተቋረጠ። ኢንሺራህ እጀታውን እንደያዘች ሩብ ሰዓት ያህል ቆመች።

«አስቀምጪው እንጂ፤ ሞቷል» አልኋት።

«እግሬ አብጧል ስትል ነው የተቋረጠው» አለች። «የትኛው እግሯ እንደሆነ አልሰማሁም።»


ሰኞ፣ ኖቬምበር 22

ጥፋተኛውን ያገኘሁት መሰለኝ። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የምትኖረው መግዳ ስልኳ ጥርት ብሎ ይሠራል። አንድ ሕንፃ፣ አንድ ደረጃ፣ አንድ የሽቦ ሳጥን ሆኖ ሳለ የእርሷ እንዴት ይሠራል? ቁጥሯም ከእኛ የሚለየው በመጨረሻው አኃዝ ብቻ ነው። ከሽቦአችን ላይ እየጠለፈች እንደሆነ ለኃላፊው የሚቀርብ ማመልከቻ አርቅቄያለሁ።

ኢንሺራህ ረቂቁን አነበበችው። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«መግዳ? ኡስታዝ፣ መግዳን ይተዉአት።»

«ማስረጃ አለኝ።»

«መግዳን ይተዉአት አልሁ። አንድ ጊዜ ይበቃታል።»

ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። መግዳ ልብስ ሰፊ የሆነች የኮፕት ክርስቲያን ናት። ከሱሄር ጋር በአንድ ደረጃ ላይ አብረው ያደጉ ናቸው፤ በኋላ ተራራቁ። ወጣቶች ይራራቃሉ።

ማመልከቻውን አልላክሁትም። አልቀደድሁትምም።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 30

ፀሐይ። ስልኩ እንደ ጤነኛ ይሠራል። ግብዝ ነው።


ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 4

«ቃሲም» የሚሏት ማዕበል አንድ ቀን ቀድማ ትናንት ገባች። የትናንቱ ዓርብ ጥሪ አልመጣም። ወይም መጥቷል፤ ስልኩ አንዴ «ትር» ብሎ፣ እንደታነቀ ሰው ዝም አለ። ኢንሺራህ ስትሮጥ ምንጣፉ አደናቅፏት ነበር። ዛሬ ጉልበቷ አብጧል፤ ትናንት የሠራችው የምስር ሾርባ እስካሁን ምድጃው ላይ ነው፤ ገጹ ላይ ቆዳ አውጥቷል። ሳየው አንገሸገሸኝ።


ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 7

ጣቢያው በመጨረሻ ባለሙያ ላከ። ፈርጋሊ ይባላል። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ሆዱ ከቀበቶው በላይ የተንጠለጠለ፣ ካልሲ የማያውቅ ሰው ነው። ከበር ሳይገባ «ሰላም አለይኩም፣ ሐጂ!» አለኝ።

«ሐጅ አላደረግሁም» አልሁት።

«ኢንሻ አላህ ያደርጋሉ፣ ሐጂ።»

ከደረጃው ሥር ያለውን ሳጥን ከፍቶ በወገቡ የተንጠለጠለውን የመፈተሻ ስልክ ከሁለቱ ሽቦዎች ጋር አያያዘና አዳመጠ። ከዚያም እያንዳንዱን ፎቅ እየወጣ በራችን ደረሰ። በበሩ አናት ካለው መጋጠሚያ ላይ የቤቱን ሽቦ ፈታ፤ በውጭው ላይ ፈተሸ።

«እስከ በርዎ ድረስ ሽቦው እንደ ሙሽራ ንጹሕ ነው፣ ሐጂ። በሽታው ከውስጥ ነው።»

«ከውስጥ ሊሆን አይችልም።»

የቤቱን ሽቦ መልሶ አገናኘና እጀታውን ጆሮዬ ላይ ለጠፈው። ያ የሚያስጠላ የዓሣ ጥብስ ጩኸት! ፈታው፤ ጩኸቱ ጠፋ። አገናኘው፤ ተመለሰ። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋገመው፤ እንደ ሕፃን የሚያስተምረኝ መስሎ።

ቀጥሎ ሽቦውን በጣቱ እየተከተለ በኮሪደሩ ሄደ። ሽቦው ከበሩ ተነሥቶ፣ በጥናት ክፍሌ ግድግዳ ማዕዘን ታጥፎ፣ ወደ ጠረጴዛው ይመጣል። ማዕዘኑ ላይ ቆመ።

«ይህ ክፍል ምንድን ነው?»

«መጻሕፍቴ ናቸው። ስልክ የለበትም።»

«ከሰሜኑ ግድግዳ ጋር የሚገናኝ ነው። እስቲ ያንን መደርደሪያ ትንሽ...»

«መደርደሪያው አይነሣም። መጻሕፍቱ በሥርዓት የተቀመጡ ናቸው።»

ትከሻውን ነቀነቀ። ወረቀት አውጥቶ ጻፈልኝ፦ «የውጭ ሽቦዎች ጤናማ ነው። የውስጥ ብልሽት። ባለቤቱ አላስፈተሸም።» «ሽቦዎች» ብሎ «ነው»! በቀይ እስክሪብቶ አርሜ እንደገና እንዲጽፈው አደረግሁ። እያጉረመረመ ጻፈ። ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ግን ሰዋስዋዊ ስሕተት ስላልነበረበት ሳላርመው ቀረሁ።

በየዓመቱ ከረመዳን በፊት ቤታችንን በኖራ እናስቀባለን። ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ የተቀባ ሽቦ በኖራ ተበልቶ ይሆናል። ምክንያቱ ኖራው ነው። ሌላ ምክንያት መፈለግ አያሻም።


ዓርብ፣ ዲሴምበር 10

ግድግዳው ደርቋል። ስልኩ በሰዓቱ ጮኸ። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ።

እኔ በጥናት ክፍሌ ነበርሁ፤ በሩ ዝግ ነበር። አላዳመጥሁም። የሚሰማ ነገር ግን ይሰማል። ኢንሺራህ «ሎሚውን በጨው አትብዪው፤ እግርሽን ያሳብጠዋል» አለች። «ሌሊት ይገለባበጣል? ይሄ ጥሩ ነው» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደህና ነው። እንደ ወትሮው ነው። ማንን ያስቀይማል፣ ከስልኩ ጋር ነው የሚጣላው» አለች። ሳቀችም።

ስለ እኔ መሆኑን ለማወቅ ተቆጣጣሪ መሆን አያስፈልግም።


ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 21

«ትንሿ ጎርፍ» የሚሏት ማዕበል ደረሰች። መስመሩ ሞቷል። ጣሪያው ይንጠባጠባል። ጫማዬ ውስጥ ሻጋታ። ኢንሺራህ ከወጥ ቤት፦

«መደርደሪያውን ያንሡት።»

«ከባድ ነው።»

«ያኔ ብቻዎን አንሥተውት የለም?»

በሩን ዘጋሁ። የተናገረችውን የጻፍሁት ለመዝገብ እንጂ ትርጕም ስላለው አይደለም።


እሑድ፣ ጃንዋሪ 2 ቀን 1994

የዓመት መባቻዋ ማዕበል። ሱሄር ሆስፒታል ገብታለች፤ የደም ግፊት ነው። ይህን የሰማነው ትናንት፣ መስመሩ ለአራት ደቂቃ ነፍስ ሲዘራ ነው። ኢንሺራህ ወንበሯን ከስልኩ አጠገብ አድርጋለች። እዚያው ትበላለች። እዚያው ትሰግዳለች። በየሩብ ሰዓቱ እጀታውን አንሥታ ታዳምጣለች፤ ቀስ ብላ ትመልሰዋለች፤ ልክ የተኛ ሰው ትንፋሽ እንደምትፈትሽ።

አንድም ቃል አትናገረኝም። ቢያንስ ብትወቅሰኝ መልስ ነበረኝ።


ዓርብ፣ ጃንዋሪ 14

«ታላቂቱ ጎርፍ» ከገባች ሦስተኛ ቀን። ስልኩ ከረቡዕ ጀምሮ ሬሳ ነው። ለጣቢያው ሁለት ማመልከቻ አስገብቻለሁ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሆነ። ኢንሺራህ እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። ስምንት ሰዓት ሆነ። በሩ ተንኳኳ።

መግዳ ነበረች። የልብስ መስፊያ ሜትሯ አንገቷ ላይ ነው። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ይህን ደፍ ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። በደረጃ ስንተላለፍ እኔ «መልካም ጧት» እላለሁ፤ እርሷም «መልካም ጧት፣ አጎቴ ራግብ» ትላለች፤ ከዚህ በቀር ቃል አልተለዋወጥንም።

«አክስቴ ኢንሺራህ፣ ሱሄር ደወለችልኝ» አለች። ሦስት ፎቅ የወጣች ያህል ታለከልካለች፤ የወጣችው ግን አንድ ነው። «ደህና ናት። እንዳትደነግጪ ብላለች። ግፊቷ አልወረደም፤ ምናልባት በሚመጣው ሳምንት በቀዶ ሕክምና ያወጡታል። እኔ ጋ መልሳ በአሥር ሰዓት ትደውላለች። ነይ፣ እኔ ደግፌ አወርድሻለሁ።»

ኢንሺራህ ተነሣች። ነጠላ ጫማዋን እንኳ በትክክለኛው እግሯ አላደረገችም።

መግዳ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ወደ እኔ ዞረች።

«ቁጥሬን አልረሳችውም፣ አጎቴ። አሥራ አምስት ዓመት! ድምፅዋን ስሰማ መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? ‹መግዳ፣ ሌላ ሰው የለኝም። ይቅር ብዬሻለሁ፤ እናቴን ጥሪልኝ› አለችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ! ምን አድርጌያት ነው ይቅር የምትለኝ? ሰርጌ ላይ ሳትመጣ ቀረች፤ ለምን ብዬ ስጽፍላት ደብዳቤዬን ሳትከፍት መለሰችው። እስቲ እርስዎ አባቷ ነዎት፤ ምን አድርጌያታለሁ?»

ጥያቄው ለእኔ የቀረበ ይሁን ወይም አነጋገሯን ለማጠንከር የተጠቀመችበት ይሁን ግልጽ አልነበረም። ስለዚህ መልስ አልሰጠሁም።

ኢንሺራህ ዐየችኝ። ረጅም ጊዜ ዐየችኝ። ከዚያም የመግዳን ክንድ ይዛ ወረደች።


ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 15

በ1979 የሆነውን እዚህ መጻፍ አስፈላጊ አይደለም። ይህ የስልክ መዝገብ ነው።

የሆነው ሆኖ፣ ለመዝገቡ ምሉዕነት፦ ሸውቂ የሚባል የመርከብ መሐንዲስ ነበረ። ሱሄርን ሊያገባት አስቦ ነበር። ገና ሽማግሌ ሳይልክ፣ ሱሄርም ለእናቷ እንኳ ሳትነግር፣ እኔ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄጄ ዳግመኛ በሰፈራችን እንዳይታይ አስጠነቀቅሁት። ቤተሰቡን አላውቅም ነበር። ባሕር ላይ የሚኖር ሰው ነው። ያደረግሁት አባት የሚያደርገውን ነው። ሸውቂም ሄደ፤ በወሩ መርከብ ተሳፈረ። ከዚህ አንጻር ውጤቱ ፍርዴ ትክክል መሆኑን ያሳያል፤ ሊያገባት የምር የፈለገ ሰው እንዲያ በቀላሉ አይሄድም።

ሱሄር «ማን ነገረህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምስጢሩን የምታውቅ መግዳ ብቻ ነበረች። እኔም፣ «በዚህ ደረጃ ላይ ወሬ አይደበቅም» አልኋት። የመግዳን ስም አልጠራሁም። ዐረፍተ ነገሩ ብያኔ የሌለው፣ ማንንም ለይቶ የማይወነጅል ዐረፍተ ነገር ነበር። እንዲያ ብዬ ነው ለራሴ ስነግረው የኖርሁ። ሱሄር በማግስቱ መግዳን ማነጋገር አቆመች፤ እኔም አየሁ፤ ዝም አልሁ። በዓመቱ ሙስካት ሥራ አግኝታ ሄደች።

ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ልጆችን ድርሰት አርሜአለሁ። «ባለቤቱ ያልታወቀ ድርጊት» ሲያጋጥመኝ በቀይ አስምሬ፣ «ማን ነው ያደረገው? ግለጽ!» ብዬ በዳር እጽፍ ነበር።

ሻይ ቀድቼ ነበር። ቀዝቅዟል። ዝንብ ሞቶበታል። ራሴን የጠጣሁ ያህል ዘገነነኝ።


ሰኞ፣ ጃንዋሪ 17

ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ ወረቀቶቼን ይዤ ወደ ጣቢያው ልወጣ ስል፣ ኢንሺራህን በጥናት ክፍሌ ውስጥ አገኘኋት። መጻሕፍቱን ከመደርደሪያው እያወረደች መሬት ላይ ትቈልል ነበር፤ አንድ በአንድ፣ በዚያ በታመመ ጉልበቷ። መዝገበ ቃላቱን ሃያ ጥራዝ አውርዳ ጨርሳለች። ሥርዓታቸውን አልጠበቀችም፤ አሥራ አራተኛው ጥራዝ ከሦስተኛው ላይ ነው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ፈርጋሊን ጠርቼዋለሁ። በመግዳ ስልክ።»

እያነጋገርኋት ሳለ ፈርጋሊ ገባ። «ሰላም አለይኩም፣ ሐጂ! ሐጃ፣ ብቻሽን? ዕረፊ፣ እኔ አለሁ!» አለና መደርደሪያውን በትከሻው ገፋው። መደርደሪያው እያቃሰተ ተንፏቀቀ።

ከጀርባው ያለው ግድግዳ አስጸያፊ ነበር። ኖራው እርጥበት ጠጥቶ እንደ ረጋ ወተት አብጧል፤ ጥቁር ሻጋታ እስከ ጉልበት ይደርሳል። ፈርጋሊ በመጠምዘዣ ፈቅፈቅ ሲያደርገው ኖራው እንደ ቁርበት ተገፎ ወረደ። ከሥሩ ሽቦ ወጣ። በጣቱ ተከተለው። ከኮሪደሩ በሚመጣው ዋና ሽቦ ላይ የተጠመጠመ ቅጥያ ነበር፤ መጋጠሚያው በቁስል ፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ሌላው ጫፉ ደግሞ ራቁቱን በእርጥቡ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሯል፤ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ አጥንት መስሏል።

«አላህ ይይላችሁ!» አለ ፈርጋሊ፤ ከአፉ የወጣው ድምፅ እንደ ምራቅ ነበር። «ይህን እዩት፣ ሐጂ! ሰው ነው ይህን የሠራው? የቁስል ፕላስተር! አሁን በስብሶ አልቋል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሁለቱን ጫፍ ውኃው ያገናኛቸዋል፤ ያኔ መስመሩ በሙሉ ይታነቃል። ይህ እኮ ለሁለተኛ ስልክ የተሳበ ነው፤ የድብቅ ስልክ። ከኮሪደሩ ሲያወሩ እዚህ ሆኖ ለመስማት።» ሳቀ። «እንዲህ ያለውን በሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ይህን ያደረገ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ ቀናተኛ ባል።»

ኢንሺራህ የመጻሕፍቱ ክምር ላይ ተቀምጣ ነበር።

«አባትም ሊሆን ይችላል፣ ልጄ» አለች።

ፈርጋሊ ሳቁ ተቋረጠ። ወደ እኔ አላየም። ወደ ሽቦው ጎንበስ አለ።

የሚያሳፍረውን ልጻፍ፦ በዚያች ደቂቃ አፌ ላይ የመጣው ቃል፣ «በፕላስተር የታሰረ ቢሆንም ሥራውን በትክክል ይሠራ ነበር» የሚል ነበር። ሥራዬን ልከላከል! ያንን ስልክ በ1978 ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ገዝቼ፣ ሁለቱ ሴቶች ታንታ ከተማ ለዘመድ ሠርግ በሄዱበት ሳምንት መደርደሪያውን ብቻዬን አንሥቼ፣ ሽቦውን በእጄ ቀጥዬ፣ እጀታውን በመሳቢያ ውስጥ ደበቅሁት። የአፉን በኩል በጨርቅ ደፍኜው ነበር፤ ትንፋሼ እንዳይሰማ። ሱሄር ከሄደች በኋላ ስልኩን ከባሕር ጣልሁት። ሽቦው ግን ከግድግዳው አልወጣም፤ ኖራ ቀባሁበት። በየዓመቱ። ከረመዳን በፊት።

ፈርጋሊ ቅጥያውን ቈርጦ አወጣው፤ ዋናውን ሽቦ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በአዲስ ተካው። ሲሄድ እንደ ቀድሞው «ሐጂ» አላለኝም። «ሰላም ዋሉ፣ ጌታው» አለ። የተቈረጠውን ሽቦ ጠረጴዛዬ ላይ ትቶልኛል።

እርሱ ከወጣ በኋላ ኢንሺራህን፣ «ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?» አልኋት።

«ከመጀመሪያው ሳምንት። እርስዎ እዚህ ሲያነሡ፣ እኔ ዘንድ ያለው ድምፅ ይቀንስ ነበር። ሰው ፊት ላይ ሻሽ እንደሚጣል። ‹ኡስታዝ አነሣ› እል ነበር በልቤ።»

«ለምን አልነገርሻትም?»

«ብነግራት አባት አይኖራትም ብዬ ነው።» ጉልበቷን እያሸች ቆየች። «መግዳን ግን ሰጠኋት። ለእርስዎ አባትነት መግዳን ከፈልሁ። እኔም ከእርስዎ አልሻልም። ይኸው ነው። አሁን መጻሕፍቱን ራስዎ ይመልሷቸው።»


ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 19

«ጥምቀት» የሚሏት ማዕበል፤ ክርስቲያኖቹ በዓላቸውን ሲያከብሩ የምትመጣው። ከሌሊቱ ጀምሮ ዝናብ ግድግዳውን ይደበድባል። ኢንሺራህና እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን ስልኩን እናያለን፤ እንደ ከሳሽና ተከሳሽ።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ጮኸ። በሙሉ ድምፁ። ኢንሺራህ አነሣች፤ እኔ ወደ ወጥ ቤት ሄድሁ፤ በሩን ዘግቼ ቧንቧውን ከፈትሁ። ሳልሰማ የዋልሁት በሕይወቴ የመጀመሪያው ጥሪ ነው።

ሴት ልጅ ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው። «ድምፁ በጣም ጥርት ያለ ነበር» አለች ኢንሺራህ፤ ፊቷ በሙሉ እርጥብ ነው። «ልጅቷ ስታለቅስ ሰማኋት። አንዲት ቃል ሳትጐድል።»

ከቀትር በኋላ መግዳ የበዓሏን የጎደሬ ወጥ በሳህን ይዛ መጣች። ለኢንሺራህ እንኳን ደስ አለሽ ልትል ነው። ከበሩ ላይ አስቆምኋት። ኢንሺራህ በተቀመጠችበት፣ ቆሜ፣ ሽቦውን በእጄ ይዤ፣ የሆነውን ነገርኋት። ባለቤቱን ለይቼ ነገርኋት፦ እኔ ሰማሁ፤ እኔ ሸውቂን አባረርሁ፤ እኔ ዝም ብዬ ስምሽን አጎደፍሁ።

መግዳ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«አሥራ አምስት ዓመት ‹መልካም ጧት› ይሉኝ ነበር» አለች።

«አዎን።»

«እኔ እኮ የሱሪዎን ግርጌ ሰፍቻለሁ። በሰርጌ፣ በሦስት ልጆቼ ክርስትና፣ ይህን ደረጃ እያየሁ፣ ‹ምን አድርጌያት ይሆን› እያልሁ... አይ አጎቴ ራግብ! ሌባ እንኳ ሲሰርቅ ዕቃ ነው የሚወስድ።» ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ በጣቷ ጠመጠመችው። «ለእኔ የነገሩኝ ምን ያደርግልኛል? ለእርሷ ይንገሯት። በአፍዎ አይደለም፤ በአፍዎ አላምንዎትም። ይጻፉት። ይጻፉና እኔ አንብቤው ይላክ።»

ወረደች። ሳህኑ በደጃፉ ቀረ። ኢንሺራህ አነሣችውና በላን። በጣም ጣፋጭ ነበር፤ እንደ ጠጠር ዋጥሁት።


ዓርብ፣ ጃንዋሪ 21

መዝገቡ ተፈጽሟል፤ ለጣቢያው ኃላፊ የሚቀርብ አቤቱታ የለኝም። በመግዳ ላይ ያረቀቅሁትን ማመልከቻ ዛሬ ቀድጄዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው ለሱሄር የምልከው ደብዳቤ ግልባጭ ነው። መግዳ ትናንት አንብባዋለች። አንድ ቦታ ላይ «ይህን ዐረፍተ ነገር ለራስዎ ሲሉ አሳምረውታል፤ ያውጡት» አለችኝ። አወጣሁት።

«ልጄ ሱሄር፤

በ1979 የሸውቂን ነገር ለእኔ የነገረኝ ማንም የለም። በጥናት ክፍሌ ውስጥ የድብቅ ስልክ ነበረኝ፤ ከመግዳ ጋር ያወራሽውን በጆሮዬ ሰማሁ። ስትጠይቂኝ ዋሸሁሽ። መግዳ ምስጢርሽን እስከ ዛሬ ጠብቃልሻለች። ይቅርታ የምትጠይቂያት አንቺ ነሽ፤ ያስጠየቅሁሽ ግን እኔ ነኝ። እናትሽ ታውቅ ነበር፤ እርሷን የምትወቅሻት ከሆነ ግን ከእኔ በኋላ ይሁን።

በዚህ ክረምት የእናትሽን ድምፅ የቈራረጠብሽ፣ በጨነቀሽ ቀን መስመሩን የዘጋብሽ፣ ያው ሽቦ ነው። አስወጥቼዋለሁ። እጄ ላይ ነው። እጅግ ያስጸይፋል፤ ዘወትር ከጠረጴዛዬ ላይ እንዲሆን ወስኛለሁ።

ይቅር በዪኝ ብዬ አልጽፍልሽም፤ ያንን መጠየቅ ሌላ ነገር ከአንቺ መስረቅ ይሆንብኛል። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ዓርብ ስልኩ ሲጮህ፣ አንድ ቀን እኔ ባነሣው ታናግሪኛለሽ ወይስ ትዘጊዋለሽ? ሁለቱም መልስ ነው፤ ሁለቱንም እቀበላለሁ። መልስሽ እስኪደርሰኝ ድረስ ግን ዘወትር ዓርብ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ከቤት እወጣለሁ፤ ባሕሩ ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ዝናብም ቢሆን። እናትሽን የምታነጋግሪያት፣ ማንም እንደማይሰማሽ አውቀሽ ይሁን።

በስልክ አትመልሺልኝ። ሳትፈልጊ ብዙ ሰምቼብሻለሁና፣ አሁን ራስሽ መርጠሽ የጻፍሽውን ብቻ ላንብብ። አንድ ቃልም ይበቃል። የአራስነትሽ አርባ ቀን ካለፈ በኋላ፣ ከዒድ በፊት፣ እስከ ሐሙስ፣ ማርች 10 ቀን 1994 ድረስ፣ መልስሽን በጽሑፍ እንድትልኪልኝ እለምንሻለሁ።

አባትሽ፣ ራግብ»